ውሻው፣ የድንጋይ አጥሩና የተዘጋው ባሕር

በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋው የሰነቴ አምባ፣ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ታደባለች። ኑሮዋ በመንጋ ነው፤ አደኗ ግን ለብቻ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አትገኝም፤ በጠቅላላው የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። በብዛት የሚፈጃቸው ጥይት አይደለም። እረኛው ከብቱን ወደ አምባው ሲነዳ ውሻው አብሮት ይወጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም በውሻው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተነሳው ወረርሽኝ የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ አመናምኗቸው ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ቀበሮ ከመከታተል ባልተናነሰ በየመንደሩ ውሻ ሲከትቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀመረ።

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ጠመንጃ ያነገበ ስካውት ነው። ስካውቱ የግድ ያስፈልጋል። ትልቁ ሥራ ያለው ግን ከዱሩ ውጭ፣ በሰው ደጅ ነው።

ይህን የመንዝ ሰዎች ከማንም ቀድመው ያወቁት ይመስላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን የጓሳን አምባ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአባት በዘር በሚወረስ የመሬት መብት ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚመክት ገሳ ይሆናል፤ ስለዚህ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት፣ ዘግተውት ሲበስል በአንድነት ይከፍቱታል። ያሰቡት ለሣሩ ነበር፤ በሣሩ ሥር ግን ፍልፈሉ ተረፈ፣ በፍልፈሉም ቀበሮው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአጽመ ርስት መብትን ሲሽር ሥርዓቱ ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን አምባውን አልተወውም፤ ኋላ ከየቀበሌው ተወካዮች መርጦ ጥበቃውን በኮሚቴ ቀጠለ። በአገሪቱ ካሉት የጥበቃ ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው።

የሰሜን ተራሮች መንገድ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የታሰበው ለዋልያ እፎይታ ለመስጠት ነበር፤ የዘመናት ቀየን መልቀቅ ግን ቀላል ዋጋ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ ደኑ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከሰማይ ሲታዩ በታረሰ መሬት መካከል እንደ ነጠብጣብ የተበተኑት እነዚህ ደኖች ወይራና ጽድን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎችን አቅፈዋል። የሥነ ምሕዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናትንና ገበሬዎችን በማስተባበር ደኖቹን በድንጋይ አጥር አስከብበዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከማሳው ነው፤ ማሳው ይጸዳል፣ ከብትም ችግኝ አይረግጥም።

ደጋና ባሕር ደግሞ ተነካክተው ይኖራሉ። ከባሌ ተራሮች የሚወርደውን ውኃ የሚሰበስበው ገናሌ ጁባ ሆኖ ሶማሊያ ውስጥ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በቀይ ባሕር ዳርቻም አሜሪካዊው ባዮሎጂስት ጎርደን ሳቶ ከምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ፣ በባሕር ዳር በጨዋማ ውኃ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ የበቀለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚወርድበት ቦታ ብቻ መሆኑን ልብ አለ። ጎርፉ የሚያመጣው ከባሕሩ ውኃ የጎደለውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነበር። እነዚህን ከችግኙ ሥር ሲቀብሩለት ራቁቱን የነበረው ዳርቻ ደን አበቀለ፤ ቅጠሉ ለፍየል መኖ፣ ሥሩ ለዓሣ መጠለያ ሆነ።

በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ የአንዳቫዱአካ ዓሣ አስጋሪዎች ያደረጉት ከጓሳው ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን አንዱን ሪፍ (በባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ዐለት) ለወራት ዘጉት። ኦክቶፐስ በጥቂት ወራት እጅግ ስለሚያድግ በመክፈቻው ቀን የተያዘው ከብዶ ተገኘ፤ ይህን ያዩ ጎረቤት መንደሮችም የየራሳቸውን ሪፍ መዝጋት ጀመሩ።

የሚሞቅን ባሕር ግን በመዝጋት ማቀዝቀዝ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 የውኃው ሙቀት ሲጨምር በሕንድ ውቅያኖስ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞቷል። ተመራማሪዎች ዛሬ በተስፋ የሚያዩት በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚገኙትን ኮራሎች ነው፤ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማሉ። ለእነርሱ ቅርብ የሆነው ስጋት የሚነሳው ከየብስ ነው፤ በዳርቻው ካሉ ከተሞች ፍሳሽና ወደቦቹ ከሚያስተናግዱት ነዳጅ።