የአየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መሣሪያዎች አቅምና የኃይል ብቃት ተለይተው ሊታዩ ይገባል

በአየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መሣሪያዎች ላይ በአብዛኛው ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው የመሣሪያውን አቅም፣ ሌላው የኃይል አጠቃቀም ብቃቱን ያመለክታል። ሁለቱን አምታቶ የሚፈጸም ግዥ ለገንዘብና ለኤሌክትሪክ ኃይል ብክነት ይዳርጋል።

የማቀዝቀዣ አቅም የሚለካው መሣሪያው በአንድ ሰዓት ከክፍሉ በሚያስወግደው ሙቀት ሲሆን፣ መለኪያው ቢቲዩ ይባላል። 12 ሺህ ቢቲዩ በሰዓት አንድ ቶን ተብሎ ይጠራል። ስያሜው የመጣው አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ ከሚስበው የሙቀት መጠን ነው።

የብቃት ደረጃ በበኩሉ መሣሪያው በእያንዳንዱ ዋት ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስወግድ ይገልጻል። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ ማቀዝቀዣ ደረጃው 10 ከሆነ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 1 ሺህ 200 ዋት፣ 12 ከሆነ ደግሞ 1 ሺህ ዋት ይወስዳል። በቀን ለስምንት ሰዓት በሙሉ አቅም ቢሠሩ ልዩነቱ 1 ነጥብ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የሚሰጡት ቅዝቃዜ ግን እኩል በመሆኑ፣ የተሻለ ደረጃ መምረጥ ለክፍሉ የሚያስፈልገውን አቅም አይለውጠውም።

በማሞቂያ ረገድ ሁኔታው ይለያል። በአሜሪካ የቤት ጋዝ ማሞቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት በሚያቃጥሉት የጋዝ መጠን ነው። 76 ሺህ ቢቲዩ ሙቀት ለሚፈልግ ቤት ብቃቱ 80 በመቶ የሆነ ማሞቂያ 95 ሺህ ቢቲዩ ጋዝ ሲያቃጥል፣ ብቃቱ 95 በመቶ ለሆነው 80 ሺህ ይበቃዋል። አሮጌውን ማሞቂያ በዚያው ቁጥር በአዲስ የሚተካ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ መሣሪያ ይገዛል ማለት ነው።

ከልክ ያለፈ አቅም ጉዳት አለው። ትልቅ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ፈጥኖ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ ወዲያውም ይነሳል። በዚህ ምክንያት የአየሩን እርጥበት በበቂ ሁኔታ ሳያስወግድ ይቀራል፣ መሣሪያውም ቶሎ ያረጃል። ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይረው ባለ ኢንቨርተር መሣሪያ ችግሩን ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያስቀረውም።

በመሆኑም ከግዥ በፊት የሙቀት ጭነት ስሌት መሥራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለዚህ የሚያገለግለው የአየር ማቀዝቀዣ ተቋራጮች ማኅበር ያዘጋጀው ማንዋል ጄ የተሰኘ ዘዴ ነው። ስሌቱ ከክፍሉ ስፋት በተጨማሪ የግድግዳውን ዓይነት፣ የመስኮቶቹን መጠንና አቅጣጫ፣ የጣሪያውን ሁኔታና የሰዎችን ብዛት ያገናዝባል።

ጉዳዩ እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ለሚገኙ መሥሪያ ቤቶችና ነዋሪዎችም ጠቃሚ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ኮርኒስ ቢሠራለትና መስኮቶቹ ጥላ ቢያገኙ፣ አነስ ያለ መሣሪያ ሊበቃው ይችላል። እንደ ጋምቤላ እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ አቅምን ማብዛት ይበልጥ ይጎዳል።

በጨረታ ሰነድ ላይም አቅሙ በስሌት፣ ዝቅተኛው የብቃት ደረጃ ደግሞ ከነመለኪያው ዓይነት ተለይተው ሊሰፍሩ ይገባል። ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲር የተባለውን መለኪያ ሲር 2 በተሰኘ ጠበቅ ያለ የአፈታተን ዘዴ ተክታለች። አንድ መሣሪያ በአዲሱ ዘዴ ሲለካ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያገኝ፣ በሁለቱ መለኪያዎች የቀረቡ ዋጋ ማቅረቢያዎችን በቀጥታ ማወዳደር ወደተሳሳተ ምርጫ ይመራል።