የመረባችሁ ዓይን ስንት ነው?

ስልካችን ላይ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ ሞልቷል። እኔ ጋ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የሬድ ስናፐር ነው፤ ያ ቀይ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ። ሰውየው ክብደት ያሰረበትን ክር ወደ ጥልቁ ይለቃል፣ ሲነክስለት እየጠመጠመ ያወጣል፣ እኛ ላይክ እናደርጋለን። የሰቆጣ ልጅ ነኝና «እኛስ ጋ?» ማለቴ አይቀርም። እኛ ጋ ተከዜ አለ!

የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። የተሠራው ለመብራት ቢሆንም ከኋላው የተኛው ውሃ በእኛ በኩል አበርገሌንና ዝቋላን ነክቶ ለወጣቱ ሌላ ሥራ አመጣ፦ ዓሣ ማስገር። ዋግ ኽምራ ሲባል ድርቅ ብቻ ለሚታያችሁ ይህ ዜና ሊሆን ይችላል።

ሐይቁ ውስጥ በብዛት የሚሰገሩት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው ደቃቅ የውሃ ዕፅዋት ስለሚበላ መንጠቆ ብዙም አያታልለውም፤ የእሱ ነገር በመረብ ነው። መረቡ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት ታስሮበት ውሃው ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል። አመሻሽ ላይ ይዘረጋል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። አምባዛ ደግሞ ማታ ማታ በጢሙ እየዳሰሰ፣ እያሸተተ የሚያድን ዓሣ ነው። ለእሱ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ይዘረጋል፤ መንጠቆው ላይ ሽታ ያለው የዓሣ ወይም የሥጋ ቁራጭ ይሰካል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የመረቡ ዓይን ትልቅ ከሆነ ጫጩቱ ያልፋል፣ የደረሰው ይያዛል። ዓይኑ ከጠበበ ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ አንዴም ሳትወልድ በጠባብ መረብ የተያዘች ቆሮሶ ዋጋዋ የአንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ጣና ላይ ብዙ ንትርክ ያስነሳው ቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሰጠመ ዛፍ ይዞት ተቆርጦ ከቀረ አይበሰብስም፣ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

አለካኩ ቀላል ነው። አንዱን ዓይን አጥብቃችሁ ወጥሩትና ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ቋጠሮዎች መሀል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ለአካባቢያችሁ የተፈቀደውን ልክ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ «ሕግ የለም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። እንደ ብርብራ ያለ መርዝ መበተንማ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ የሚፈጅ ነው።

«ለእኛ ለድሆቹ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ወደዚያው ሬድ ስናፐር ልመልሳችሁ። አሜሪካኖቹ ያለ ልክ አስግረውት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። ያገገመው የሚያዘው መጠንና ወቅቱ ስለተገደበ ነው። በቪዲዮው ላይ መንጠቆውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ ነው። ዓሣው ቢውጠው እንኳ አንጀቱን ሳይሆን የአፉን ጥግ ስለሚይዝ ትንሹን በሕይወት መመለስ ይቻላል። ለአምባዛም ይሆናል፤ ግን ሲነክስ መንጭቃችሁ አትሳቡ፣ ክሩ ራሱ ሲወጠር ቀስ ብላችሁ ጠምጥሙ።

ከውሃ ከወጣ በኋላም ሥራ አለ። የተከዜ ቆላ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ዓሣው ሆድ ዕቃው ቶሎ ካልወጣ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። በረዶ ከሌለ ሰንጥቆ፣ ጨው ነስንሶ፣ ከአፈር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማድረቅ ያዋጣል። ደግሞም ጥሩ ቋንጣ ይወጣዋል።

እኛ ገዢዎቹም ድርሻ አለን። በጾም ሰሞን የዓሣ ፍላጎት ሲጨምር ጣት የምታህል ቆሮሶ ሳይቀር ትሸጣለች። እኔ እንዲህ ያለውን አልገዛም፤ «ትልቅ ስታመጣ ደውልልኝ» ብዬ ስልኬን ሰጥቼ እሄዳለሁ።