ለተማሪ ሁሉ የተከፈተ መሣሪያ

በአሜሪካ አገር በዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬመኒና ቶማስ ኩርትዝ፤ ኮምፒዩተር ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ ተለይቶ መቀመጡን አልወደዱም። ስለዚህ ቤዚክ የተባለውን ቀላል ቋንቋ አዘጋጁ፤ ሚያዝያ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በዚሁ ቋንቋ የተጻፉ ሁለት ፕሮግራሞች ከሁለት ተርሚናሎች ባንድ ጊዜ ተሠሩ። ቃላቱ ከተራ እንግሊዝኛ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፤ የሒሳብ ተማሪ ያልሆነውም በቶሎ ሊማረው ቻለ። ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ ሁሉ ክፍት እንደ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ያለ ዋጋ ተከፈተ።

ይልቁንም ባንድ መሣሪያ ብዙ ሰዎች ባንድነት እንዲሠሩ የሚያስችለውን ሥርዓት ከጻፉት የሚበዙት፤ ገና ዲግሪ ያልተቀበሉ ወጣቶች ነበሩ። ይህም ትምህርትን ለሚመሩ ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው፤ ውድ መሣሪያ ተቈልፎ ሲቀመጥ ያረጃል፤ በተማሪ እጅ ሲገባ ግን ዕውቀትን ይወልዳል።