ሕይወት ይዳን፤ ማስረጃም አይጥፋ

በስለት የተወጋ፣ በዱላ የተፈነከተ ወይም አስገድዶ መድፈር የተፈጸመበት ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ጉዳቱ ነው። ሌላው በልብሱ፣ በቁስሉና በገላው ላይ ያለው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ሳይደርስ ይታጠባል ወይም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። የሚያጠፋው ደግሞ በአብዛኛው ለመርዳት የተጣደፈ ቤተሰብ ወይም የጤና ባለሙያ ነው።

በሕክምና ተቋም ተጎጂውን ቀድመው የሚነኩት አብዛኛውን ጊዜ ነርሶች ናቸው። ልብሱን የሚያወልቁት፣ ቁስሉን የሚያጥቡትና የመጀመሪያ ቃሉን የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ይሁንና ስለ ማስረጃ አያያዝ በቂ ሥልጠና ያላገኙ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

በድንገተኛ ክፍል ምን ይደረጋል?

ምንጊዜም የሚቀድመው አተነፋፈስን ማስተካከል፣ ደምን ማቆምና ሕይወትን ማትረፍ ነው። ለማስረጃ ሲባል ሕክምና አይዘገይም። ሆኖም ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ልብስ በመቀስ መቀደድ ካለበት፣ ጥይት ወይም ስለት ከበሳው ቀዳዳ ራቅ ብሎ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው ስለ መሣሪያው ይናገራልና። የወለቀው ልብስ ሳይራገፍ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ልብሱ ይሻግታል፤ የዘረመል ምርመራም ይበላሻል። በከረጢቱ ላይ የታካሚው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰበሰበው ባለሙያ ስም ይጻፋል። ፖሊስ ሲረከብም ይፈርማል። ማን ከማን እንደተረከበው ካልታወቀ ማስረጃው በፍርድ ቤት አመኔታ ያጣል።

አመዘጋገብም ልዩነት ያመጣል። ስለት የቆረጠው ቁስል ጠርዙ ንጹሕ ነው። ዱላ ወይም ድንጋይ የፈነከተው ግን ጠርዙ የተቀጠቀጠ ነው፤ በውስጡም ያልተበጠሱ ሕብረ ሕዋሳት ይታያሉ። ካርዱ ላይ «ቁስል» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ከተሰፋ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ቦታው፣ መጠኑና ቅርጹ ሳይሰፋ መመዝገብ አለበት። ታካሚው ስለ ድርጊቱ የተናገረውም በራሱ አነጋገር ይጻፋል።

የእርስዎ ድርሻ

• ደም እየፈሰሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙት። የተሰካ ቢላዋ ወይም ሌላ ስለት አይንቀሉ፤ መንቀሉ የደም መፍሰሱን ሊያባብሰው ይችላል።

• አስገድዶ መድፈር ከደረሰ ከተቻለ ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከቀየሩ ልብሱን ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱ።

• ታጥበው ከሆነም አይቅሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር ይበልጥ ይሠራሉ።

• አሲድ ከተደፋ ግን ማስረጃ ብለው አይጠብቁ። ልብሱን ወዲያው አውልቀው ገላውን በብዙ ውኃ ያለማቋረጥ ይጠቡት።

የሕክምና ማስረጃ ለፍትሕ አካላት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ጥያቄ ነው። ድንገተኛ ሕክምና ለማግኘት ግን ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። በአዲስ አበባ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ለጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀልን 907፣ ለፖሊስ 991 ይደውሉ።

ተጎጂን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ለነርሷ ወይም ለነርሱ «ልብሱን አትጣሉብን፤ ለፖሊስ ይፈለጋል» ይበሉ። በሥራ ብዛት ለተወጠረ ባለሙያ ይህች አንዲት ማስታወሻ ትልቅ እገዛ ናት። ቁስል በጊዜ ይሽራል፤ የታጠበ ማስረጃ ግን አይመለስም።