ስለ ልጆች መድኃኒትና ስለ ውርስ

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ መልክና ስለ ጠባይ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ይህን ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ መድኃኒትን የሚቀበልበትንም ኃይል ይወርሳል። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ፈውስ የሆነው ለሌላው ከንቱ ወይም ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት በዚያ አገር ወባ ይበረታል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በጉበት ተሸሽጎ ቆይቶ ዳግመኛ ይነሣልና፥ የተሸሸገውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ሁለት ወንድማማች ይህንኑ ቢውጡ አንዱ ሲድን፥ ሁለተኛው ፊቱ ገርጥቶ ሽንቱ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ይህም ጂ6ፒዲ የተባለው ቀዩን ደም የሚጠብቀው ነገር በውርስ ስላነሰበት ነው። ጉድለቱ በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ከወንድማማችም አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል። እንግዲህ የቡዳ ወይም የእርግማን ሥራ አይደለም።

ዳግመኛም ጉበት እንደ ወፍጮ ቤት ነው። በውስጡ ካሉት ወፍጮዎች አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል፤ አንዳንዱን መድኃኒት ፈጭቶ ኃይሉን ያጠፋል፥ አንዳንዱን ግን ፈጭቶ ኃይሉን ያወጣል። የወፍጮውም ፍጥነት በውርስ የሚገኝ ነው። በ1988 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1996) እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያውያንን መርምረው፥ ይህ ዘረ መል ተደጋግሞ የተገኘባቸው ከመቶው 29 መሆናቸውን ገለጹ። በሰሜን አውሮፓ ግን እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በዚህ ወፍጮ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ወፍጮው እጅግ በፈጠነበት ሕፃን ሞርፊኑ በዝቶ ትንፋሽን ሊያቋርጥ ስለሚችል፥ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2017) ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ።

ሐሳቡ ለሚበተንና ያለ መጠን ለሚቅበጠበጥ ልጅ፥ ይኸውም ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ለሚሉት ሕመም፥ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አቶሞክሴቲን ነው። በዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወፍጮው የፈጠነበት ልጅ መድኃኒቱ ሳይሠራለት ያልቅበታል። ወፍጮው በደከመበት ልጅ ግን በደሙ ውስጥ ዐሥር እጥፍ ያህል ሊከማች ይችላል፤ ያን ጊዜ ልቡ ይመታል፥ ምግብም ይጠላል። ሜቲልፌኒዴት የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ በሌላ መንገድ ስለሚፈጭ፥ በአንዱ ያልተሻለው ልጅ በሁለተኛው ሊሻለው ይችላል። ሐኪም በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምረውም ስለዚህ ነው። ውርስም ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ ዕድሜ፥ ክብደትና አብሮ የሚወሰድ መድኃኒት ድርሻ አላቸው።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን ያስተውሉ። ሐሳቡ የተበተነ ልጅ ሁሉ የዚህ ሕመም በሽተኛ አይደለም፤ ራብ፥ ወባ፥ የጆሮ ሕመምና እንቅልፍ ማጣትም ልጅን እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ። ለአንዱ ልጅ የታዘዘው ክኒን ለወንድሙም ቢሆን አይካፈል። ከዘመድ መካከል መድኃኒት የጎዳው ሰው ካለ ወላጆች ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩ። መምህሩም ልጁ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የበላውን፥ የተኛውንና ትምህርቱን የተከታተለበትን ሁኔታ አይቶ ለወላጆቹ ያስታውቅ። መድኃኒት እየወሰደ ያልተሻለውን ልጅ እንቢተኛ ነው ብሎ በአለንጋ መቅጣት፥ ልጁ ባልመረጠው ውርስ መቅጣት ነውና።