አንድ ዓላማ፣ ሁለት እጩዎች፦ የሳንደርስና የዋረን ፉክክር ምን አስከተለ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ምሽት በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ዋና ከተማ ዴሞይን የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዝዳንት እጩ ተወዳዳሪዎች ክርክር ተካሄደ። ክርክሩ እንዳበቃ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ለሴናተር ኤልሳቤጥ ዋረን እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። ዋረን ግን እጃቸውን አልሰጡም፤ በመላው ሀገር ፊት ሐሰተኛ አድርገውኛል ሲሉ ወቀሷቸው። ሳንደርስም ጉዳዩን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት ብለው መለሱ። የመድረኩ ድምፅ ማጉያ የቀዳው ይህ አጭር ንግግር በማግሥቱ በሲኤንኤን ተለቀቀ።

ሁለቱ ሴናተሮች የረጅም ጊዜ ወዳጆች ነበሩ። በፓርቲው ውስጥ ተራማጅ የሚባለውን፣ መንግሥት ለዜጎች ኑሮ ሰፊ ኃላፊነት እንዲወስድና ባለጸጎች ከፍ ያለ ግብር እንዲከፍሉ የሚሻውን ወገን የሚወክሉትም እነርሱ ነበሩ። አንድ ዓላማ ያላቸው ሰዎች እንዴት እዚህ ደረሱ የሚለውን ለመረዳት በቅድሚያ የምርጫውን ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩት በውስጥ አሠራራቸው ነው፤ መራጩ ስማቸውን የሚያገኘው በዋናው የምርጫ ወረቀት ላይ ነው። በአሜሪካ ግን ፓርቲው ማንን ለፕሬዝዳንትነት እንደሚያቀርብ የሚወስኑት በየግዛቱ በቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡ ዜጎች ናቸው። እያንዳንዱ ግዛት ወደ ፓርቲው ጉባኤ የሚልካቸው ልዑካን አሉት። በ2020 በቅድመ ምርጫው ከሚከፋፈሉት 3 ሺህ 979 ልዑካን መካከል በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ 1 ሺህ 991 ያስፈልግ ነበር። ከ15 በመቶ በታች ድምፅ ያገኘ እጩ ልዑክ አያገኝም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ደጋፊ ያላቸው ሁለት እጩዎች ሲሻሙ፣ የአንደኛው ድምፅ ያለ ፍሬ ሊቀር ይችላል።

የሁለቱ መርሐ ግብር እጅግ ተቀራራቢ ነበር። በሀገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ አኀዝ መሠረት በ2018 ወደ 27 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የጤና መድን አልነበራቸውም። ሁለቱም “ሜዲኬር ለሁሉም” የተባለውን፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ነዋሪ መድን የሚሰጥበትን ዕቅድ ደገፉ። ሁለቱም በከፍተኛ ሀብት ላይ ዓመታዊ ግብር እንዲጣል ጠየቁ፤ የዋረን ከ50 ሚሊዮን ዶላር፣ የሳንደርስ ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ሀብት ላይ የሚጀምር ነበር። ዕቅዶቹ ይህን ያህል ሲመሳሰሉ የመራጩ ጥያቄ “ምን ቃል ገቡ?” ከሚለው ወደ “የማንን ቃል ማመን ይቻላል?” ወደሚለው ተሸጋገረ።

በዚህ መለኪያ ሁለቱም የየራሳቸው ጥንካሬና ድክመት ነበራቸው። ሳንደርስ ለአሥርት ዓመታት አቋማቸውን አለመለወጣቸው ትልቁ ስንቃቸው ነበር። ሆኖም በሴኔት የሚቀመጡት በግል ተመራጭነት በመሆኑ የፓርቲው ነባር አባላት በጥርጣሬ ያዩአቸው ነበር። በ78 ዓመታቸው የልብ ሕመም ካጋጠማቸው በኋላም የሕክምና ማስረጃቸውን በሙሉ እንዲያወጡ የቀረበውን ጥያቄ በሐኪሞች ደብዳቤ ብቻ ማለፋቸው አስተቻቸው። ዋረን በበኩላቸው ለእያንዳንዱ ችግር ዝርዝር ዕቅድ በማቅረብ ይታወቁ ነበር። ነገር ግን እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዝርያቸው ያነሱት የቆየ አባባልም ለቼሮኪ ሕዝብ አስተዳደር ይቅርታ እስከመጠየቅ አድርሷቸዋል።

ዋረንን ይበልጥ የፈተናቸው ግን የጤና መድኑ ወጪ ነው። ሳንደርስ የመካከለኛው መደብ ግብር እንደሚጨምር፣ ቤተሰቦች ለመድንና ለሕክምና የሚከፍሉት ስለሚቀር ግን አጠቃላይ ወጪያቸው እንደሚቀንስ በግልጽ ተናገሩ። ዋረን በኦክቶበር 2019ኙ ክርክር ግብር ይጨምራል ወይስ አይጨምርም ተብለው ደጋግመው ቢጠየቁም ቀጥተኛ መልስ አልሰጡም። በኖቬምበር 1 በአሥር ዓመት 20 ነጥብ 5 ትሪሊዮን ዶላር አዲስ ወጪ የሚጠይቅ፣ የመካከለኛውን መደብ ግብር የማይጨምር ዕቅድ አወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሉው ለውጥ እስከ ሦስተኛው የሥልጣን ዓመታቸው ሊዘገይ እንደሚችል ገለጹ። ለዘብተኞች ዕቅዱን የማይጨበጥ፣ ተራማጆች ደግሞ ማፈግፈግ አሉት። በበጋው ወራት ሲያድግ የነበረው ድጋፋቸውም መቀነስ ጀመረ።

ሁለቱ እጩዎች በ2019 ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሌላውን ላለመንካት ጥረት አድርገው ነበር። በጃንዋሪ 2020 ግን የሳንደርስ ቅስቀሳ ሠራተኞች፣ ዋረን ከተማሩና ከባለሀብት መራጮች ውጪ ድጋፍ የላቸውም የሚል መልእክት እንደሚያሰራጩ ተዘገበ። ወዲያው በዲሴምበር 2018 ሁለቱ ብቻቸውን ያደረጉት ውይይት ወደ አደባባይ ወጣ። ሳንደርስ ሴት እጩ ልታሸንፍ አትችልም የሚል እምነት ነግረውኛል ሲሉ ዋረን ገለጹ፤ ሳንደርስ ፈጽሞ አላልሁም አሉ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ እማኝ አልነበረም። ስለዚህ ደጋፊው ማስረጃ ሊመዝን አልቻለም፤ አስቀድሞ የሚያምነውን ይዞ ቆመ። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን አንዳንድ የሳንደርስ ደጋፊዎች ለዋረን የእባብ ምስል መላክ ጀመሩ።

ቀጥሎ የመጣው የድምፅ ስሌት ነው። በኒው ሃምፕሻየር ሳንደርስ ሲያሸንፉ፣ ዋረን ያገኙት 9 በመቶ ገደማ ድምፅ አንድም ልዑክ አላስገኘላቸውም። ሳንደርስ ኔቫዳንም በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ጆ ባይደን በሳውዝ ካሮላይና ግማሽ ያህሉን ድምፅ ሲያገኙ ግን ለዘብተኞቹ ፒት ቡቲጀጅና ኤሚ ክሎብሻር በሁለት ቀን ውስጥ ከውድድሩ ወጥተው ድጋፋቸውን ለባይደን ሰጡ። ማርች 3 አሥራ አራት ግዛቶች ድምፅ ሲሰጡ ባይደን አሥሩን ወሰዱ። በዋረን ግዛት በማሳቹሴትስ ባይደን 33፣ ሳንደርስ 27፣ ዋረን 21 በመቶ ገደማ አገኙ።

የሁለቱ ተራማጆች ድምፅ ሲደመር ከባይደን ይበልጣል። ድምሩ ግን ብቻውን አያስረዳም። ከዋረን ደጋፊዎች ብዙዎቹ ሁለተኛ ምርጫቸው ሳንደርስ እንዳልነበሩ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አሳይተዋል፤ የተቀሩት ወደ ባይደንና ወደ ሌሎች ያዘነብሉ ነበር። የጃንዋሪው ጠብ ደግሞ በሁለቱ ጎራዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብ አልነበረም።

ዋረን ማርች 5 ከውድድሩ ሲወጡ ለማንም ድጋፍ አልሰጡም። ሳንደርስ ኤፕሪል 8 አቁመው ከአምስት ቀን በኋላ ለባይደን ድጋፍ ሰጡ፤ ዋረንም በኤፕሪል 15 ተከተሉ። የባይደንና የሳንደርስ ወገኖች የጋራ የፖሊሲ ቡድኖች አቋቁመው በርካታ ጉዳዮች ላይ ተቀራረቡ። በዚያ ዓመት የጸደቀው የፓርቲው መርሐ ግብር ግን መንግሥት ከግል ኩባንያዎች ጎን ለጎን የሚያቀርበውን አማራጭ መድን እንጂ፣ ሁለቱ ሴናተሮች በጋራ የቆሙለትን “ሜዲኬር ለሁሉም” አልያዘም።