ሃይማኖት ያለው ሕገ መንግሥት፦ ተረትና እውነታ

ስለ መንግሥታዊ ሃይማኖት የሚደረግ ክርክር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፦ «ዴሞክራሲና መንግሥታዊ ሃይማኖት አብረው አይኖሩም።» ዴንማርኮች ይህን ቢሰሙ ይገረማሉ። ሕገ መንግሥታቸው ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን የሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ይሰይማል፤ መንግሥትም እንዲደግፋት ያዝዛል። ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠውም ሰው የግድ የእርሷ አባል መሆን አለበት። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የሕፃን ልደት፣ ወላጆቹ ሙስሊም ይሁኑ በፈጣሪ የማያምኑ፣ የሚመዘገበው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ነው። እንዲህም ሆኖ ምርጫው ነፃ ነው፣ ጋዜጣው ያሻውን ይጽፋል፣ ከቤተ ክርስቲያኗ አባልነት መውጣት የፈለገም ይወጣል።

«እንግዲያው አንቀጹ ጌጥ ነው፣ ማንንም አይጎዳም» ማለት ደግሞ ሌላው ተረት ነው። ለዚህ ኖርዌይን ማየት ይበቃል። በ1814 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ በዘመኑ ለሕዝብ ሰፊ ሥልጣን ከሰጡት አንዱ ነበር፤ ሁለተኛው አንቀጹ ግን የሉተራንን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ አይሁዶች ወደ አገሪቱ ዝር እንዳይሉ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1851 ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ከኢትዮጵያ የተባረሩት የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ ኢየሱሳውያን፣ ደግሞ የኖርዌይን በር ሲጠብቁ እስከ 1956 ቆዩ። የሃይማኖት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሰፈረው በ1964 ሲሆን፣ ከሚኒስትሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመንግሥቱን ሃይማኖት እንዲከተሉ የሚያስገድደው ድንጋጌ እስከ 2012 ጸንቶ ነበር። በ2007ም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የኖርዌይ ትምህርት ቤቶች ስለ ሃይማኖት የሚሰጡት ትምህርት የወላጆችን መብት ይጥሳል ሲል ፈረደባት።

ይሁን እንጂ ይህችው አገር በ1969 ያወጣችው ሕግ የሚያስገርም ነው። የመንግሥቷ ቤተ ክርስቲያን በአባል ልክ የምታገኘውን ያህል ገንዘብ ሌሎች የእምነት ማኅበራትም በአባሎቻቸው ቁጥር እንዲያገኙ ፈቀደች፤ ካቶሊኩም ሙስሊሙም ድርሻውን መቀበል ጀመረ። በኋላም የማያምኑ ሰዎች ማኅበር ሳይቀር ተጨመረ። በ2012 «የመንግሥት ሃይማኖት» የሚለው ቃል ከሕገ መንግሥቱ ሲወጣ እንኳ ድጎማው አልተቋረጠም። ነፃነቱ ያልደረሰው ለንጉሡ ብቻ ነው፤ እሱ ዛሬም የግድ ሉተራን ነው።

መንግሥታዊ ሃይማኖት የሚጠቅመው ቤተ እምነቱን ነው የሚለው እምነትም እንዲሁ ግማሽ እውነት ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ወንበር አላቸው፤ ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም። ግን እዳም አለው። ቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት መጽሐፏን አሻሽላ በ1927 ለፓርላማ ስታቀርብ የታችኛው ምክር ቤት ውድቅ አደረገባት፤ በ1928 አስተካክላ ብትመለስም መልሱ ያው ሆነ። ካህናት የተስማሙበትን ጸሎት የፖለቲካ ተመራጮች ድምፅ ሰጥተው ጣሉት ማለት ነው። በኢትዮጵያም የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ሲያደርግ፣ የጳጳሳቱን ሹመት ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቀው እንዳይጸና አድርጎ ነበር። ደጋፊው አዛዥም ነበር።

ከሁሉ በላይ ሥር የሰደደው ግን «ሕገ መንግሥቱ ላይ ካልተጻፈ የለም» የሚለው ነው። እስራኤል የተጠቃለለ አንድ ሕገ መንግሥት የላትም፤ መሠረታዊ ሕጎቿም ይሁዲነትን የመንግሥት ሃይማኖት ብለው አልሰየሙም። ነገር ግን በአገሪቱ ውስጥ የአይሁዶች ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ነው። የዚህን ክብደት ከቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የበለጠ የቀመሰው ጥቂት ነው። ዋናው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸውን መስክረውላቸው ሳለ፣ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ጉዞ ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ የረቢዎቹ ተቋም ለማግባት አስቀድመው በውኃ እንዲጠመቁ ጠየቃቸው። ለዘመናት ሃይማኖታቸውን በመከራ ጠብቀው ለኖሩ ሰዎች ይህ ስድብ ነበር። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው ረቢ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለረቢዎቹ የሰጣቸው የሕገ መንግሥት አንቀጽ አልነበረም፤ ተራ የጋብቻ ሕግ ነው።

በተቃራኒው ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን ለያየች ሲባል ሁሉም ቦታ የለየች ይመስላል። አልዛስና ሞዜል በዚያ ዓመት በጀርመን እጅ ስለነበሩ ሕጉ አልደረሰባቸውም። እዚያ ዛሬም የካቶሊክ ቄስ፣ የፕሮቴስታንት ፓስተርና የአይሁድ ረቢ ደመወዝ ከመንግሥት ካዝና ይከፈላል።

የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይደነግጋል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የሃይማኖት ሕግ በአገሪቱ ፍርድ ቤት ቦታ የለውም ብሎ ይደመድማል። አንቀጽ 34 ግን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ፣ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን አይከለክልም፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የቆሙ ናቸው። ቁልፉ ያለው ፈቃድ ላይ ነው፦ ከባልና ሚስቱ አንዳቸው ቃዲው ዘንድ መዳኘት አልፈልግም ካሉ ጉዳዩ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።